ስማቸው ያልተጻፈ የደሴት ፊቶች

ኤሊ ሱዩልዞግሉ በ1899 አይዲን ውስጥ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይዲን ከሰምርኔስ፣ ከዛሬዋ ኢዝሚር፣ ወደ መሀል አገር ሲዘለቅ በሜንደሬስ ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ፣ በበለሷ የታወቀች የምዕራብ ቱርክ ከተማ ናት። ያኔ የኦቶማን ሱልጣን ግዛት ነበረች፤ ቱርኩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና አይሁዱ ጎን ለጎን ይኖርባታል። የኤሊ ቤተሰቦች ኦርቶዶክስ ግሪኮች ነበሩ፤ ኑሯቸውም የተደላደለ። ኋላ “ኔሊስ” በሚል የሥራ ስም የሳንቶሪኒንና የቀርጤስን ሰዎች በጥቁርና ነጭ ፎቶ ለዓለም ያስተዋወቀችው ሴት እንግዲህ የደሴት ልጅ አልነበረችም። ግሪክ የምትባለውን አገር እንኳ ከውጭ ሆና ነው ያወቀቻት። ይህን አንባቢ ቢይዝልኝ እወዳለሁ፤ የፎቶዎቿ ጥንካሬም ድክመትም ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛልና።

በግንቦት 1919 የግሪክ ጦር ሰምርኔስ ላይ አረፈ። በዚያው ክረምት በአይዲን በተደረገው ውጊያ ከተማዋ ተቃጠለች፤ በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። ቤተሰቡ ወደ ሰምርኔስ ሸሸ። በቀጣዩ ዓመት ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ኤሊ ለትምህርት ወደ ጀርመን፣ ወደ ድሬዝደን ተላከች።

ድሬዝደን በዚያን ጊዜ የሥዕልና የዳንስ ከተማ ነበረች። የፎቶ መምህሮቿ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሁጎ ኤርፉርት፣ የዘመኑን የጀርመን ሠዓሊዎችና ደራሲዎች ፎቶ በማንሳት ስሙ የገነነ የፊት ፎቶ ሊቅ ነው። ሁለተኛው ፍራንዝ ፊድለር ከእሱ በዕድሜ ያነሰና ደፋር ነበር። ከኤርፉርት የተማረችው ሰውን አስቀምጦ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ ፊቱ እስኪረጋ መታገስን ነው። ከፊድለር ደግሞ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ካሜራን ወደ ሜዳ ማውጣትን ተማረች። የሜሪ ዊግማን የዳንስ ትምህርት ቤት ዳንሰኞችን ይዛ ከከተማው ውጭ ባሉት የሳክሶኒ ቋጥኞች ላይ ያነሳቻቸው የእንቅስቃሴ ፎቶዎች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ከድሬዝደን ይዛው የወጣችው ሌላ ነገር ብሮሞይል የሚባለው የማተሚያ ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን የደሴት ፎቶዎቿን ለማየት ይህን ሙያ ማወቅ ይጠቅማል። ፎቶው በመጀመሪያ በተለመደው ወረቀት ላይ ይታተማል። ከዚያ በኬሚካል ውስጥ ተነክሮ ጥቁሩ የብር ምስል እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ፈዛዛ ጥላ ብቻ ነው። ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ያለው ጄላቲን ነጭ በነበረበት ቦታ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጥቁር በነበረበት ግን ጠንክሯልና ብዙም አይጠጣም። ጠጉሩ በሰያፍ የተቆረጠ ብሩሽ ቅባታማ ቀለም ይነከርና እርጥቡን ወረቀት ቀስ እየተደረገ ይመታል። ውሃና ቅባት አይዋደዱምና ቀለሙ ባበጠው ላይ አይይዝም፤ በደረቀው ላይ ይይዛል። ምስሉ ከብሩሹ ሥር በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። አታሚው አንዱን ቦታ ደጋግሞ በመምታት ያጠቁረዋል፤ ሌላውን ትቶ በጉም እንደተሸፈነ ይተወዋል። አንድ ቅጂ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት አይሆንም። በዚህ መንገድ የታተመ ፎቶ ለዓይን የከሰል ሥዕል ይመስላል።

በመስከረም 1922 የቱርክ ጦር ሰምርኔስ ገባ፤ የግሪኩና የአርመኑ ሰፈር በእሳት ወደመ፤ በወደቡ ዳር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መርከብ እየለመነ ተኮለኮለ። ኤሊ በዚያን ጊዜ ጀርመን ነበረች። ቤተሰቦቿ ነፍሳቸውን ይዘው ወደ ግሪክ አመለጡ። በ1923 የግሪክና የቱርክ መንግሥታት የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ፈረሙ፤ በጦርነቱ የሸሸውና በስምምነቱ የተዛወረው ሲደመር አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ያህል ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ በአብዛኛው ከትንሿ እስያ፣ ከዛሬዋ ቱርክ የእስያ ክፍል፣ ወደ ግሪክ ገባ። መላው የግሪክ ሕዝብ ያኔ አምስት ሚሊዮን ግድም ነበር። ተቀባዩ አገር ራሱ ደኸይቶ ስለነበር ስደተኛው እጁን ዘርግቶ የተቀበለው አላገኘም። “የቱርክ ዘር” የሚል ስድብ ወጣለት። ግሪክነቱን ብሎ ቤቱን ያጣ ሰው ግሪክ ደርሶ ግሪክ አይደለህም ተባለ።

ኤሊ በ1924 አቴንስ ገባች። በዋናው የንግድ መንገድ በኤርሙ ፎቶ ቤት ከፈተችና በበሩ ላይ በላቲን ፊደል “ኔሊስ” ብላ ጻፈች። ሴት ልጅ በስሟ ፎቶ ቤት መክፈቷ በዚያን ጊዜ አቴንስ ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ይመጡላት ጀመር። የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስን፣ ባለቅኔውን ኮስቲስ ፓላማስን፣ የሙዚቃ መሪውን ዲሚትሪ ሚትሮፑሎስን አንስታለች። በሌላ ጊዜ ደግሞ ካሜራዋን ይዛ ወደ ስደተኛው ሰፈር ትወርዳለች። የትንሿ እስያ ስደተኞችን ያነሳችባቸው ፎቶዎች ከሥራዋ ሁሉ ልቤን የሚነኩኝ ናቸው፤ ከካሜራው ፊት የቆመው ሰው የራሷ ወገን ነውና ለማስጌጥ አልሞከረችም።

ከአቴንስ ወደ ደሴቶቹ በመርከብ መሄድ የጀመረችው በእነዚሁ ዓመታት ነው። የመጀመሪያዋ ግን አልነበረችም። የጄኔቫው ፍሬድ ቧሶናስ፣ እሱም ከአባቱ የፊት ፎቶ ቤት የወረሰ ሰው፣ ከ1903 ጀምሮ ግሪክን ሲዞር ኖሮ በ1919 ከሳይክላዲስ ደሴቶች እስከ ቀርጤስ የተጓዘበትን ትልቅ የፎቶ መጽሐፍ አሳትሟል። ቧሶናስ ግን የጥንቱን ባለቅኔ ሆሜርን አንብቦ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሰማዩና ባሕሩ ይማርኩታል። ኔሊስ እንግድነቷ ሌላ ዓይነት ነው። አገሬ ነው ብላ የመጣችበትን አገር ገና አላየችውም፤ ሰዎቹን ማወቅ ነበረባት።

ሳንቶሪኒን ያነሳቻት ከ1925 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት ነው። ይህች ደሴት ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ መሀሏ ተቦርቡሮ ባሕር የሞላባት፣ የቀረው ጠርዟ እንደ ገደል የቆመ መሬት ናት። በነሐሴ 1925 በባሕሩ መሀል ያለችው ኔአ ካሜኒ የተባለችው ጥቁር ደሴት እንደገና ፈነዳች፤ ጭሱና አመዱ በየጊዜው እየበረደና እየተነሳ እስከ 1928 ዘለቀ። ኔሊስ የሄደችበት ሳንቶሪኒ እንግዲህ ዛሬ በፖስታ ካርድ የምናየው የሰርግ ሽርሽር ቦታ አልነበረም። ድሃ ደሴት ነበር። ወንዝ የለ፣ ምንጭም እንብዛም የለ፤ የዝናብ ውሃ በየጣሪያው ተለቅሞ በጉድጓድ ይጠራቀማል። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ወይኑ ወደ ላይ አይወጣም፤ ገበሬው ሐረጉን እንደ ቅርጫት ጠምዝዞ መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ ፍሬው በቅርጫቱ ውስጥ ከነፋስ ተጠልሎ ይበስላል። ብዙ ሰው ይኖር የነበረው ገደሉን ቦርቡሮ በሠራው ዋሻ ቤት ነበር፤ ፊት ለፊቱ በኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው እንደ በርሜል የጎበጠ። ከወደቡ እስከ ፊራ ከተማ የሚወጣው ሰውም ዕቃም ብዙ መቶ ደረጃ በበቅሎና በአህያ ነበር።

በጥቁርና ነጭ ሲታይ ይህ ሁሉ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ቀለም ሲቀር ሰማያዊው ባሕር ዓይን አይሰርቅም፤ የሚቀረው ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ጥላና ቅስት ነው። የኔሊስ የሳንቶሪኒ ፎቶዎች ጉልላትንና ደረጃን እንደ ፊት ያዩ ይመስላሉ። ኤርፉርት አንድን ሰው መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ግንባሩን አብርቶ ጉንጩን እንደሚያጨልም፣ እሷም ፀሐይ ግድግዳው ላይ እስክታዘነብል ጠብቃ የኖራውን ሻካራነት፣ የደረጃውን መበላት፣ የበሩን መጉበጥ ታወጣለች። ሰው በመሀል ሲገባ ትንሽ ነው፤ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ አህያ የሚነዳ ሰው። እኔ ከደሴት ሥራዋ ሁሉ የማስቀድመው እነዚህን ነው። ገና ምንም እንድታስመሰክር አልታዘዘችም፤ ታያለች እንጂ አትሟገትም።

በ1920ዎቹ አጋማሽ የፓሪስ ኦፔራ ኮሚክ ዳንሰኛ የነበረችውን ሞና ፓይቫን አክሮፖሊስ ላይ ራቁቷን አነሳቻት። ፎቶዎቹ በ1929 በፈረንሳዩ ኢሉስትራሲዮን መጽሔት ሲወጡ አቴንስ ጉድ አለች፤ የተቀደሰው ኮረብታ ረከሰ ተባለ። ስለ ኔሊስ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ይህ ወሬ ነው፤ ለእኔ ዋናው ነገር አይደለምና አልፈዋለሁ።

በ1927 ቀርጤስ ሄደች። ቀርጤስ ከግሪክ ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ተራራዋ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ያልፋል፤ ከግሪክ ጋር በይፋ የተቀላቀለችው በ1913 ብቻ ነበር። ከኦቶማኖች ጋር ደጋግመው የተዋጉ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ። አለባበሳቸውም እንደ ጥንቱ ነው፤ ሰፊ ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ፣ በራስ ላይ የሚጠመጠም ጥቁር ሻሽ። እዚህ ኔሊስ ወደ ዋናው ሙያዋ ተመለሰች፤ ወደ ፊት። ካሜራዋን ወደ ሽማግሌዎቹ አስጠግታ ጢማቸውን፣ የግንባራቸውን መስመር፣ በፀሐይ የጠበበውን ዓይናቸውን አነሳች። አንዳንዶቹ ፎቶዎች ከታች ወደ ላይ የታዩ ናቸው፤ ሰውየው ከተራራው እኩል ቆሞ ይታያል። ቬኒዜሎስን ስታነሳ የሰጠችውን ክብር ለአንድ የበግ እረኛ ሰጠችው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቬኒዜሎስ ፎቶ ስሙ ተጽፎበታል፤ የእረኛው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ “የቀርጤስ ሽማግሌ” ተብሎ ብቻ ነው የሚቀመጠው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ባለቅኔው አንጌሎስ ሲኬሊያኖስና አሜሪካዊት ሚስቱ ኤቫ ፓልመር በዴልፊ ፍርስራሽ ላይ የጥንቱን ቴአትርና ጨዋታ የሚያድስ በዓል አዘጋጁ። ኔሊስ በ1927ም በ1930ም የተደረጉትን በዓላት አንስታለች። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የዛሬው ግሪካዊ የጥንቱ ግሪካዊ ልጅ መሆኑን ማሳየት። ለአንዲት ከአይዲን ለመጣች ስደተኛ ይህ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚጥም መገመት አያዳግትም። የቱርክ ዘር ተብሎ የተሰደበ ሰው ዘሩን ከፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

በ1929 የግሪክ ቱሪዝም ድርጅት ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኔሊስ ፒያኒስቱን አንጌሎስ ሴራይዳሪስን አገባች። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሥራ ይመጣላት ጀመር። በነሐሴ 1936 ጄኔራል ሜታክሳስ ፓርላማውን በትኖ አምባገነን ሲሆን የፕሬስና የቱሪዝም ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ገባ። የኔሊስ ፎቶዎችም በፖስተርና ለውጭ አገር አንባቢ በሚታተም መጽሔት ላይ ዋሉ። በዚያው ዓመት የበርሊንን ኦሊምፒክ ሄዳ አነሳች።

“ትይዩዎች” እየተባሉ የሚጠሩት ሥራዎቿ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ወገን የጥንት የእብነ በረድ ራስ ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን ከደሴት ወይም ከተራራ የመጣ ሕያው ሰው። ጢማሙ የቀርጤስ ሽማግሌ ከጥንቱ አምላክ ከዜኡስ አጠገብ ይሆናል፤ የመንደሯ ልጃገረድ ከቤተ መቅደስ ሐውልት አጠገብ። አፍንጫውን፣ አገጩን፣ የጠጉሩን አወዳደቅ አስተያዩ ይላል ሥራው። ዓይን የሚገባ ነገር ነው፤ ሙያውም አይታማም። ግን እነዚህን ሥራዎች በቅን ልብ ሳያቸው አንድ ነገር ይጎመዝዘኛል። በዚያው ጊዜ ጀርመን ውስጥ የሰው አፍንጫ በማስመሪያ እየተለካ ዘሩ ይወሰን ነበር። ኔሊስ ክፉ አሰበች አልልም። ነገር ግን ፊቱ ከሐውልት ጋር ካልተመሳሰለ የሚወድቅ ሰው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ዐሥር ዓመት ቀደም ብላ በድንኳን ሰፈር ያነሳችው የትንሿ እስያ ስደተኛ ይሆናል መልሱ። እረኛውም ቢሆን አልተከበረም። ዜኡስን ለመምሰል ብቻ ተፈለገ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንት በግ እንዳለው፣ ማንን በጦርነት እንዳጣ አልተጠየቀም።

በ1939 እንደገና ቀርጤስ ሄደች። በዚሁ ዓመት በኒው ዮርክ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን የግሪክ አዳራሽ ግድግዳዎች እሷ ፎቶዎችን ቆርጣ በገጣጠመቻቸው ግዙፍ ኮላዦች ተሸፈኑ። እሷና ባሏም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በመስከረም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ መመለሻው ተዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ሁሉ እሷ ሳታየው የሆነ ነው። በነሐሴ 15 ቀን 1940 በቲኖስ ደሴት የእመቤታችን ፍልሰታ በዓል ሲከበር፣ ከመላው ግሪክ የመጣ ምእመን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየወጣ ሳለ፣ በወደቡ የቆመችውን “ኤሊ” የተባለች የግሪክ የጦር መርከብ አንድ የኢጣሊያ ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታት። የፎቶ አንሺዋና የመርከቧ ስም አንድ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። በጥቅምት 28 ከአምስት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን የወረረው የሙሶሊኒ ጦር በአልባንያ በኩል ግሪክን ወረረ፤ ግሪኮቹም መልሰው ገፉት። ዓለም ስለ ግሪክ ማወቅ ፈለገ። የአሜሪካው ላይፍ መጽሔት በታኅሣሥ 1940 እትሙ ሽፋን ላይ መለከት የሚነፋ የግሪክ ወታደር አወጣ፤ ፎቶው የኔሊስ ነበር።

በግንቦት 1941 የጀርመን ፓራሹተኞች ቀርጤስ ላይ ወረዱ። ሽማግሌው በትር፣ ሴቲቱ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛ ወጣች። በቀሉም የከፋ ሆነ፤ በሰኔ መጀመሪያ ካንዳኖስ የተባለው መንደር ተቃጠለ፤ በ1944 ደግሞ በኢዳ ተራራ ሥር ያለው አኖጊያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይቀር ፈረሰ። ኔሊስ ያነሳቻቸው የቀርጤስ ሰዎች የነበሩበት ዓለም ይህ ነው የገጠመው። ከዜኡስ ጎን የቆሙት ፊቶች ውስጥ ስንቱ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ እንደተረሸነ ስማቸው ስለሌለ ማወቅ አይቻልም። በ1941 መጨረሻ አቴንስን የመታው ረሃብ እንደ ሲሮስ ያሉትንም ደሴቶች ጨረሰ። ያንን ረሃብ የመዘገበችው ሌላ ሴት ፎቶ አንሺ፣ ቩላ ፓፓዮአኑ ናት። ከጦርነቱ በፊት መልክዓ ምድርና ሐውልት ታነሳ የነበረችው ፓፓዮአኑ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ፊት ለፊቷ ሲቆም ሐውልቱን ተወችው።

በ1956 ሐምሌ 9 ቀን ንጋት ላይ በአሞርጎስና በሳንቶሪኒ መሀል ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በሳንቶሪኒ ሃምሳ ያህል ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤት ተደረመሰ፤ ብዙው ሕዝብ ደሴቱን ትቶ ወደ አቴንስ ተሰደደ። በ1920ዎቹ ኔሊስ ያነሳቻቸው ቅስቶችና ጉልላቶች አንዳንዶቹ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታዩት በፎቶዋ ላይ ብቻ ነው። ለሥነ ጥበብ ብላ የሠራችው ሥራ ሳታስበው የደሴቱ መዝገብ ሆነ።

ደሴቶቹን ሌሎችም አንስተዋቸዋል። ጀርመናዊው ኸርበርት ሊስት በ1937 ሳንቶሪኒ ላይ ከባሕሩ ፊት የተቀመጠ፣ ዓሣ ያለበት የመስታወት ዕቃ ያነሳበት ፎቶ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፈረንሳዊው ካርቲየ ብሬሶን በ1961 በሲፍኖስ ደረጃ የምትሮጥ ልጅ አነሳ፤ ልጅቷ በነጭ ግድግዳዎች መሀል እንደ ጥቁር ነጥብ ትበራለች። ከሁሉ በላይ ግን ኮንስታንቲን ማኖስን ማንሳት ይገባል። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ከግሪክ ስደተኞች የተወለደው ማኖስ ከ1961 እስከ 1964 በግሪክ ኖሮ መንደሮችን እየዞረ አነሳ፤ መጽሐፉ በ1972 ታተመ። በካርፓቶስ ደሴት ኦሊምፖስ መንደር ያነሳቸው ፎቶዎች የሕይወትና የሞት ፎቶዎች ናቸው። ካርፓቶስ እንደ ፍጥሞና እንደ ሮድስ ሁሉ ከ1912 ጀምሮ እስከ 1943 በኢጣሊያ እጅ የነበረች ደሴት ናት፤ ኔሊስ በምትዘዋወርበት ዘመን ከግሪክ ድንበር ውጭ ነበረች። ኔሊስ ራሷ ስደተኛ ነበረች፤ ማኖስ የስደተኛ ልጅ ነው፤ እንደ እሷ ግሪክን ከውጭ መጥቶ አየ። እሱ ያነሳቸው ሴቶች ግን ከማንም ሐውልት ጋር አይነጻጸሩም። ሬሳ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያለቅሱ የምታስበው ስለ ሟቹና ስለ እነሱ ብቻ ነው።

ኔሊስ በኒው ዮርክ ፎቶ ቤት ከፍታ የሀብታሙን ፊት ስታነሳ ሃያ ሰባት ዓመት ቆየች። ከባሏ ጋር በ1966 ወደ አቴንስ ተመለሱና ኔአ ስሚርኒ፣ ከሰምርኔስ የመጡ ስደተኞች በመሠረቱት ሰፈር ተቀመጡ። ለዓመታት ማንም አላስታወሳትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኔጋቲቮቿንና ቅጂዎቿን ለአቴንሱ ቤናኪ ሙዚየም ሰጠች። ከዚያ በኋላ ነው ክብሩ የመጣው፤ በ1989 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች፤ በ1996 የአቴንስ አካዳሚ ሸለማት። በነሐሴ 1998፣ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ አረፈች። ቤናኪ ሙዚየም በ2023 ሥራዎቿን በሰፊው ሲያሳይ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱንም ኔሊስ አብረው ማየት ጀምረው ነበር፤ ባለሙያዋንና የሜታክሳስን ዘመን ምስል የሠራችውን።

በዚያው በ2023 ሳንቶሪኒን የጎበኘው ሰው ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ያህል ይገመታል፤ የደሴቱ ነዋሪ ዐሥራ አምስት ሺህ ግድም ነው። ወይን ጠምዛዡ ዛሬ ከጎብኚው ካሜራ ፊት እንብዛም አይታይም። የሳንቶሪኒን ሰው ማየት የፈለገ ወደ ኔሊስ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች መመለስ አለበት፤ ስሙን ግን እዚያም አያገኘውም።

ከእነዚህ ደሴቶች ወደ እስክንድርያ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ የተሰደዱ ግሪኮች በየሳጥናቸው የቤተሰብ ፎቶ ይዘው ነበር የሚሄዱት። የእኛም ሰው ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ሪያድ ሲገባ እንዲሁ ያደርጋል። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያለበት አልበም ካለ እናትህን ወይም አክስትህን ዛሬ አጠገብህ አስቀምጣቸውና እያንዳንዱ ፊት የማን እንደሆነ ጠይቃቸው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በፎቶው ጀርባ ጻፍ። እስክሪብቶ አትጠቀም፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል። ለስላሳ እርሳስ ይዘህ፣ ሳትጫን፣ ከጠርዙ ላይ ጻፍ።